«ንጹህ ነው» ያልኩበት ከሰዓት

ሰው ሲያመሰግናችሁ «ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ኖሬያለሁ። ሮቤ ገበያ ገብታችሁ ስለ እኔ ብትጠይቁ፣ «ኡምራዋን ትታ አክስቷን ልታስታምም ከአዲስ አበባ የተመለሰችው ዘሀራ» ይሏችኋል። መመለሱን ተመልሻለሁ፣ አልዋሹም። ከመመለሴ በፊት ያደረግኩትን ግን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱን ልንገራችሁ፤ ጨርሳችሁ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

ያኔ ሃምሳ ልደፍን ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ባሌ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጆቼም ትዳር ይዘው ሄደዋል። ምላሴ እንደሆነ ከድሮም አያርፍም፤ ደንበኞቼ «ዘሀራ ጋ ዋጋ ከምትከራከር ዝም ብለህ ከፍለህ ውጣ» ይላሉ። ያሰብኩት ነገር ካልሆነ እንቅልፍ የለኝም። የዚያን ዓመት ያሰብኩት ደግሞ ኡምራ ነበር፤ መካን በዓይኔ ልይና ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ ብዬ ቆርጫለሁ።

ኑሪያ በስምንት ዓመት የምታንሰኝ እህቴ ናት። አላገባችም፤ ጎባ ከአዳዳ ጋር ትኖር ነበር። አዳዳ የምንላቸው የአባታችንን እህት ነው፣ በኦሮምኛ የአባት እህት እንዲያ ይባላል። እናታችን ስትሞት ሁለታችንንም ሰብስበው ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። ሰማንያ ካለፋቸው ወዲህ ደረታቸው ደክሞ፣ ብርድ ሲመታቸው ትንፋሽ ያጥራቸዋል። የጎባን ብርድ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሐኪሙ ለኑሪያ «ኮሮና ከያዛቸው አይችሉትም» ብሏት ስለነበር፣ እሷም ያንን ሁሉ ጊዜ ደጃፍ ላይ ዘብ ቆማለች። እኔን ራሴን ስንት ጊዜ ከበር መልሳኛለች! «እጅሽን ታጠቢ፣ ጭምብልሽን አድርጊ፣ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ!» ስትለኝ «ኧረ ተይኝ፣ ሐኪም ሆነሽ ቀረሽ» እያልኩ እስቅባት ነበር።

የመንገዱ ደንብ እንደ ባሌ ሰማይ ነበር፤ ጠዋት ብራ፣ ከሰዓት ዝናብ። መጀመሪያ የቡድናችን አስተባባሪ ጀማል «ሁለቱን ክትባት የወሰደ ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ ምርመራ የለም» አለን። ደስ አለን። ትንሽ ቆይቶ «ምርመራ አለ፤ ከበረራው በፊት ባለው ሰባ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይሁን» አለ። እሺ አልን። በረራው ዓርብ ረፋድ ላይ ስለነበር ማክሰኞ ረፋድ ሮቤ ያለ ክሊኒክ ሄደን አፍንጫችንን ተጎረጎርን። ማታ ላይ የሁላችንም ውጤት ንጹህ ሆኖ መጣ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ወረቀቱን ከፓስፖርቴ ጋር አስቀመጥኩ።

ገና ሻንጣዬን ሳላስር ጀማል ደወለ።

«ዘሀራ፣ አትቆጪ።»

«ምን ልትለኝ ነው?»

«ደንቡ ተቀይሯል። አርባ ስምንት ሰዓት ሆኗል። የዛሬው አይሠራም፤ ነገ ረፋድ ደግመሽ ስጪ። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ በአውቶቡስ እንነሳለን።»

«አንተ ሰውዬ፣ አፍንጫዬ ነው ወይስ የውሃ ጉድጓድ?» አልኩት። እሱ ሳቀ፣ እኔ ግን ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፤ ምክንያቱም ከቀትር ጀምሮ ጉሮሮዬን ይከረክረኝ ነበር። ሳል ቢጤም ጀምሮኛል።

በእኛ ዘንድ ለሐጅም ሆነ ለኡምራ የሚሄድ ሰው ዘመድ ጎረቤቱን «አውፍ በሉኝ» ሳይል አይወጣም፤ ያስቀየምኳችሁን ይቅር በሉኝ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ምላሴን ስለማውቀው አውፍ የሚለኝ ሰው ብዙ ነበር! ሳምንቱን ሙሉ ቤቴ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። ትከሻ ለትከሻ ስንሳሳም፣ ስንተቃቀፍ፣ ስናለቅስ ሰነበትን። ኑሪያ እንግዳ ልታስተናግድልኝ ብላ አዳዳን ለጎረቤታቸው ለጫልቱ አደራ ሰጥታ ሮቤ እኔ ጋ ነበረች። ጫልቱ ግን ልጇ ደሎ መና ከተማ ወልዳለችና ረቡዕ ማታ መሄዷ ስለሆነ፣ ኑሪያ ረቡዕ ከሰዓት ወደ ጎባ መመለስ ነበረባት።

ረቡዕ ጠዋት ሳሌ ባሰ። ኑሪያን ጓዳ ጠራኋት።

«ኑሪያ፣ አንድ ነገር አድርጊልኝ። እኔን ሆነሽ ናሙና ስጪልኝ።»

«ምን?!»

«ትናንት ንጹህ ነበርኩ እኮ። በአንድ ሌሊት ምን ይመጣል? ነፋስ ነው፣ አቧራ ነው። ግን ካሳልኩባቸው ይጠረጥሩኛል። አንቺ ደህና ነሽ፣ መልካችን አንድ ነው፣ ጭምብል አለ። በዚህ ዘመን ሰው ዓይን ብቻ ሆኖ የለ?»

«ዘሀራ፣ ይኼ ሐራም ነው። ለኡምራ እየሄድሽ ታጭበረብሪያለሽ?»

«አላህ ልቤን ያውቃል» አልኳት። ይህንን አፌን ሞልቼ ተናገርኩት። ደግሞም አለቀስኩ። ከልቤ ነበር ያለቀስኩት፣ ግን እንባዬ እሷን እንደሚያሸንፋት አሳምሬ አውቃለሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ እንደዚያ ነው።

ሄደች። ማክሰኞ ናሙና የወሰደችው ነርስ በቦታዋ አልነበረችም፤ የተተካው ልጅ ፓስፖርቱን አየ፣ ዓይኗን አየ፣ ጎረጎራት፣ አለቀ። ተመልሳ ስትመጣ ፓስፖርቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር አትጠይቂኝ» ብላ ምሳ ልታቀርብ ተነሳች።

አሥር ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ኑሪያ በሩ አጠገብ ሆና ፌስታሏን እያሰረች ነበር፤ የአዳዳን መድኃኒትና ሹራብ ገዝታላቸዋለች። የጎባ ሚኒባስ ሳይሞላ ልድረስ ብላ ትቻኮላለች።

«ወይዘሮ ዘሀራ ነዎት?» አለችኝ አንዲት ሴት። «ከክሊኒኩ ነው። ውጤትዎ ፖዘቲቭ ነው። እንዳይደነግጡ። ቤትዎ ይቀመጡ፣ ከሰው ይለዩ። በተለይ ከአዛውንት ይራቁ። ቤት ውስጥ አዛውንት አሉ?»

«የሉም» አልኩ።

«ጥሩ ነው። ምልክት ባይኖርዎትም ያስተላልፋሉ።»

«እሺ። አመሰግናለሁ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዬ ላይ ይዤው ቆየሁ። ማሰቢያ ጊዜ ፈልጌ ነው። ውጤቱ የእኔ አይደለም፤ የሷ ነው። እህቴ ታማለች፣ ገና አላወቀችም። ብነግራት ጎባ አትሄድም። ጫልቱ ዛሬ ማታ ትሄዳለች። ስለዚህ አዳዳ ጋ የሚሄደው ማነው? እኔ ነኛ፣ ሌላ ማን አለ! ሄጄም በሩ ላይ ሆኜ ወጥ ማቀበል አያቅተኝም ነበር። መካ ግን ቀረ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ሰው ጫማ እስኪያስር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

«ምን አሉ?» አለችኝ ኑሪያ።

«ንጹህ ነው አሉ።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ ፌስታሏን ጥላ መጥታ አቀፈችኝ። «በኔ ምክንያት ይበላሽብሻል ብዬ ሰግቼ ነበር እኮ! በይ፣ ካዕባን ስታዪ አዳዳን እንዳትረሺ። ለደረታቸው ዱዓ አድርጊ።»

ከዚያ ባጃጅ ይዛ ወደ መናኸሪያ ሄደች። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ጠርቼ ልመልሳት አፌን ከፍቼ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ከፍቼ ነበር። ባጃጁ ጥጉን ሲዞር አፌን ዘጋሁት።

ለጀማል ደውዬ ሌላ ውሸት ጨመርኩ። «ውጤቴ ዘገየ፣ አዲስ አበባ እንደደረስን ደግሜ እሰጣለሁ» አልኩት። «ፈጣን ውጤት የሚሰጡ አሉ፣ አይዞሽ» አለኝ። ሰው «ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል» ይላል። የኔው እያደር ከበደ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ተነሳን። አውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም ተደስቷል። ዲንሾ ላይ ሾፌሩ ለአፍታ ሲቆም ስልኬ ጮኸ፤ አዳዳ ናቸው፣ ኑሪያ ደውላላቸው።

«ዘሀራ፣ ነጋቲ! በሰላም ግቢ ልጄ።»

«አሚን አዳዳ። እንዴት አደሩ?»

«እንደው ምን እሆናለሁ፣ ኑሪያ መጥታልኛለች። ሳምንት ሙሉ ናፍቃኝ ነበር። ሌሊት ቢበርደኝ ከጀርባዬ ተኝታ አሞቀችኝ።»

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት።

«ዘሀራ? ትሰሚያለሽ?»

«እሰማለሁ። አዳዳ... አውፍ በሉኝ።»

«እኔ አንቺን? ምን አድርገሽኝ! አውፍ ብዬሻለሁ፣ ያየሁትንም ያላየሁትንም።»

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት በአክስቴ ፍቅር የማለቅስ መስሏት ጀርባዬን ታሻሸኝ ጀመር። በዚያች ሰዓት አንድ ቃል ብናገር ኑሪያ ከአጠገባቸው ትርቅ ነበር። አዳባን አለፍን፣ ዶዶላን አለፍን። በእያንዳንዱ ከተማ «እዚህ እደውላለሁ» እላለሁ። አሰላ ስንደርስ ምሳ በላን። በላሁ፤ መብላቴም ያሳፍረኛል።

አዲስ አበባ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ገባን። በቀጥታ ክሊኒክ ሄጄ በገዛ አፍንጫዬ ናሙና ሰጠሁ። ያረፍንበት ቤት ቁጭ ብዬ ስጠብቅ፣ ምን ብዬ እንደጸለይኩ ልንገራችሁ? ለአዳዳ አይደለም። «ያ ረቢ፣ የኔን ንጹህ አድርግልኝ» ነው ያልኩት።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ውጤቱ መጣ። ንጹህ! ያ ሁሉ ሳል ነፋስና አቧራ ነበር፤ የጠረጠርኩት ራሴን፣ የታመመችው እህቴ። ወድቄ ሱጁድ አደረግኩ። ሴቶቹ እልል አሉልኝ። ወረቀቱ በእጄ ነው፣ ሻንጣዬ ታስሯል፣ በረራው ጠዋት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል? እኔም ደረቴ ላይ ለጥፌ ያዝኩት።

ኑሪያ ደወለች። «ደረሳችሁ?» ልትል ነው። ድምጿ ጎርንኖ ነበር፤ ሳለች።

«ምን ሆነሻል?»

«ጉንፋን ነገር ነው። ከሰዓት ትንሽ ትኩሳት ነበረኝ። አሁን ለአዳዳ እግራቸውን ላጥባቸው ውሃ እያሞቅኩ ነው።»

«ኑሪያ፣ አትንኪያቸው።»

«ምን?»

«አትንኪያቸው። አሁኑኑ ከቤት ውጪ። የረቡዑ ውጤት ፖዘቲቭ ነበር። ኮሮና ይዞሻል።»

ውሃው ሲፈላ ይሰማኛል።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ኑሪያ...»

«መቼ?»

«ትናንት።»

«ከመሄዴ በፊት?»

«በሩ ላይ ሆነሽ... አዎ። ከመሄድሽ በፊት።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትጮህ ደስታዬ ነበር። ከወዲያ የአዳዳ ድምፅ «ማነው?» ሲል ሰማሁ። ኑሪያም «ዘሀራ ናት፣ በሰላም ገብታለች» አለቻቸው። ከዚያ ስልኩን ዘጋችው።

ጠዋት ሌሎቹ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሄዱ እኔ ወደ ባሌ አውቶቡስ ሄድኩ። ለአዳዳ ስል ነው ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን ከዚያ ስልክ በኋላ ካዕባ ፊት ቆሜ ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው። ጀማል «ምነው፣ ወረቀትሽ ንጹህ አይደል እንዴ?» ሲለኝ «አክስቴን አሟቸዋል» አልኩት። ገና አላመማቸውም ነበር።

ያመማቸው ጎባ በደረስኩ በአምስተኛው ቀን ነው። ኑሪያ እስከዚያ ጓሮ ካለችው ክፍል ውስጥ ራሷን ዘግታ በመስኮት ታዘኝ ነበር፤ ከትእዛዝ ውጪ አንድም ቃል አልተናገረችኝም። እኔ ጭምብል አድርጌ አስታመምኩ። ከዚያ ሆስፒታል ገቡ፣ ኦክስጅን ተደረገላቸው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አዳዳ ሞቱ። ቀባሪው ጥቂት ነበር፤ ዘመኑ እንደዚያ ነበር።

ለቅሶው ላይ ሴቶቹ እጄን እየያዙ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «አንቺስ ታደልሽ፣ አላህ ኡምራሽን እዚሁ ጽፎልሻል! ካዕባ ደጃፍ ደርሶ ለአክስት የሚመለስ ማነው?» እኔ ሻሼን ወደ ፊቴ ሳብኩ። እነሱ ትሕትና መሰላቸው። አንዷ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ምስኪን ኑሪያ፣ ያን ያህል ስትጠብቃቸው ኖራ ራሷ ይዛባቸው መጣች» አለች። ያንን ሰምቼ ዝም አልኩ። ኑሪያ ሁለት እርምጃ ርቃ ሰሃን ታነሳ ነበር፤ ሰምታለች።

ከዚያ በኋላ ጎባን ለቃ እኔ ጋ መጣች፤ መሄጃም አልነበራት። ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖርን። ገበያ ላይ ሰው እኔን ሲያመሰግን፣ እሷን «አይዞሽ፣ ሳታውቂ ነው» እያለ ሲያጽናና እንሰማለን። «ሳታውቂ ነው» የሚለውን ደግሞ ሁሉም ከልቡ አይለውም። ነርስ ጎረቤታችን አንድ ቀን «ትኩሳት እያላት ለምን ቀረበቻቸው?» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ለሱብሒ ሶላት ስነሳ ኑሪያ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ አገኘኋት። እሳት የለም።

«አካም ቡልቴ? እንዴት አደርሽ? ምነው ማለድሽ?» አልኳት።

«አልማለድኩም። አልተኛሁም። ከዚያ ወዲህ መቼ ተኝቼ አውቃለሁ?»

ደፍሬ ጠየቅኳት። «ኑሪያ፣ ለምንድነው ለሰው ያልተናገርሽብኝ?»

«ላንቺ ብዬ መስሎሻል?» ቀና ብላ አየችኝ። «ብናገር ማን ያምነኛል? ጥፋቷን እህቷ ላይ ለጠፈች ነው የሚሉኝ። ያቀፍኳቸው እኔ፣ የሳልኩባቸው እኔ። አለማወቄን የሚያውቅ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። አንቺ ነሽ። አንቺ ደግሞ ምስጋና ስትቀበዪ አይሻለሁ። አንዳንድ ሌሊትማ አውቄ ነበር እንዴ እላለሁ፤ ራሴን መጠርጠር ጀምሬያለሁ።»

አንባቢዎቼ፣ እኔ እስከዚያች ማለዳ ድረስ ምስጢሩን ለኔ የምትጠብቅልኝ ይመስለኝ ነበር። ኀፍረቱ የኔ፣ ሸክሙም የኔ ብቻ እየመሰለኝ በራሴ አዝን ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እኔ ግን «ንጹህ ነው» ያልኩት አፌን አዳልጦኝ አይደለም፣ አስቤ ነው። ዝም ባልኩባት በእያንዳንዱ ቀንም እንደገና ብያታለሁ።

ለአዳዳ ሰደቃ ባወጣንበት ቀን ሴቶቹ በልተው እንደጨረሱ ተነስቼ ቆምኩ። «ከመነሳታችሁ በፊት ስሙኝ» አልኩ። ናሙናውን እንዴት እንዳሰጠኋት፣ ከክሊኒኩ የደወለችው ሴት ምን እንዳለችኝ፣ በሩ ላይ ምን እንደመለስኩላት፣ ዲንሾ ላይ ከአዳዳ ጋር ምን እንደተባባልን፣ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። «ኑሪያ አታውቅም ነበር። የማውቀው እኔ ነበርኩ» አልኩ። ለሁለተኛ ጊዜም ደገምኩት፤ ያ ቃል በደንብ እንዲሰማልኝ ፈልጌ ነው።

አንዷ «አስተግፊሩላህ» ብላ ልብሷን ሰበሰበች። አንዳንዶቹ ሳይሰናበቱኝ ወጡ። ሱቄ መምጣት ያቆሙ አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ነርሷ ጎረቤታችን ግን ሄዳ ኑሪያን አቀፈቻት፤ ኑሪያም ያን ዕለት አዳዳን አለቀሰች። ለቅሶው ላይ እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም።

ይህን የጻፍኩት እዚያ ላልነበሩት ነው፤ ወሬ ሲዞር እንደሚዛባ አውቃለሁና በኔ አፍ ይድረሳችሁ ብዬ ነው። «ተናገርሽ፣ ቀለለሽ» የምትሉኝ ካላችሁ፣ አልቀለለኝም። ኑሪያ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

ግን አሁን ትተኛለች። ለሱብሒ ስነሳ በሯ ላይ ቆም ብዬ ትንፋሿን እሰማለሁ፤ ሳልቀሰቅሳት አልፋለሁ።